ጣሪያው የሚታጠፍ መኪና በደጋው አገር

መስከረም 20 ቀን 1956 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በባቡር ተጉዘው ዋሽንግተን ከተማ በደረሱ ጊዜ፣ ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ እስከ ባቡር ጣቢያው ወጥተው ከተቀበሏቸው በኋላ፣ ሁለቱ መሪዎች ጎን ለጎን ሆነው በከተማው ጎዳና ያለፉበት ሠረገላ፣ ጣሪያው ተነሥቶ ለሰማይና ለሕዝብ ዓይን የተገለጠ፣ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ያለው ሊንከን ኮንቲኔንታል የተባለ መኪና ነበር። በግራና በቀኝ የቆመው የአሜሪካ ሕዝብ የሩቅ አገሩን ንጉሠ ነገሥት በዓይኑ ለማየት የቻለው መኪናው ክፍት ስለ ነበረ ነው፤ ነገሥታት በሰገነት ላይ ቆመው ወይም በተሸለመ በቅሎ ተቀምጠው ለሕዝባቸው የሚታዩበት ጥንታዊ ሥርዓት፣ በሃያኛው መቶ ዓመት ወደ ክፍት መኪና ተዛወረ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ያ መኪና ከፋብሪካ እንደ ወጣ ያገለገለ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1961 የፎርድ ኩባንያ ከሠራው በኋላ፣ በሲንሲናቲ ከተማ የነበረ ሔስና አይዘንሃርት የተባለ የሠረገላ ሠሪዎች ድርጅት ከወገቡ ቆርጦ አንድ ሜትር ያህል አስረዘመው፤ የኋላ መቀመጫው 27 ሳንቲሜትር ያህል ከፍና ዝቅ እንዲል አደረገው፤ ጣሪያውንም እየተነቀለ የሚገጠም፣ እንደ አየሩ ጠባይ የሚለዋወጥ አድርጎ ሠራው። ጃንሆይ ከተቀመጡበት ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 12 ቀን፣ በአገራችን የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ ፕሬዚዳንቱ በዚሁ መኪና ውስጥ ሳሉ በዳላስ ከተማ ተገደሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የነቢያት ጾም በሚገባበት በኅዳር 15 ቀን ለቀብሩ ሥርዓት ዋሽንግተን ተመልሰው ተገኙ።

ብዙ ሰው መኪናው ከዚያ ወዲያ የተሰባበረ ወይም የትም የተጣለ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። እንደገና ተፈትቶ፣ የማይነሣ ጣሪያ ተደፍቶበት፣ ጥይት የሚመክት ብረት ለብሶ፣ ቀለሙም ወደ ጥቁር ተለውጦ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1977 ድረስ ተከታዮቹን ፕሬዚዳንቶች አገለገለ። ዛሬ በሚቺጋን ግዛት በዲርቦርን ከተማ፣ በሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ቆሞ ይታያል፤ የሚታየውም ኬኔዲና ጃንሆይ በተቀመጡበት መልኩ ሳይሆን ከሐዘኑ በኋላ እንደ ተለወጠ ነው። ጣሪያውን አንሥቶ፣ ሰማያዊውን ቀለም መልሶ፣ የመስከረሙን ቀን መልክ ማስመሰል የማይሳነው ጠቢብ በአሜሪካ አይጠፋም ነበር፤ ይህ አለመደረጉ ግን እኔ እንደማስበው ተገቢ ነው፤ ያ የተደፋ ጣሪያ ራሱ የታሪኩ አንድ ምዕራፍ ነውና።

አሮጌ መኪና ለማደስ የተነሣ ሰው ሁሉ፣ ባለጸጋ ይሁን ድኻ፣ በዲትሮይት ይሁን በጎንደር አራዳ፣ ገና የመጀመሪያውን ቡሎን ሳይፈታ የሚገጥመው ጥያቄ ይህ ነው፤ የትኛውን ወደ ጥንተ መልኩ ልመልስ? የትኛውን ልለውጥ? የትኛውንስ ጠባሳውን እንደ ያዘ ልተወው? በሜዳ አገር የሚኖር ሰው ለዚህ ጥያቄ እንደ ፈቃዱና እንደ ኪሱ ሊመልስ ይችላል። በሰሜን ጎንደር ደጋ ላይ ግን የመልሱን እኩሌታ የሚሰጠው ተራራው ነው፤ የእኔም ሐሳብ በአጭሩ ተራራው ከሚያስገድደው በቀር ምንም እንዳይለወጥ፣ ተራራው የሚያስገድደው ግን ያለ ማመንታት እንዲለወጥ ነው።

በእርግጥ መንኰራኩርና ይህ ደጋ ከጥንትም ስምም አልነበሩም። የጎንደር ነገሥታት ያን ሁሉ ግንብ ሲያንጹ ጉዟቸው በፈረስና በበቅሎ ነበረ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን ከደብረ ታቦር አንሥተው በመንኰራኩር እያስጎተቱ እስከ መቅደላ ሲያደርሱ፣ መድፉ ከመሄዱ አስቀድሞ ተራራው እየተቆረጠ መንገዱ ይጠረግ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ መኪና ይዞ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ በመዝለቁ ዐፄ ምኒልክ ከአዲሱ ጥበብ ጋር ተዋወቁ። ወደ ጎንደር መኪና በብዛት የገባው ግን በደስታ ቀን አይደለም፤ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ስታራቼ የተባለው የፋሽስት ሹም ከ400 የሚበልጡ ተሽከርካሪዎች ያሉትን ጦር አስከትሎ ከተማይቱን ያዘ። ጣልያን በሊማሊሞ ገደል ላይ መንገድ ቆርጦ ጎንደርን ከአስመራ ጋር አገናኘ፤ ፒያሳውን፣ ፖስታ ቤቱንና ሲኒማ ቤቱን ሠራ፤ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የጣልያኑ ጄኔራል ናሲ እጁን ሲሰጥም መንገዱ፣ ጋራዡና ከነቃላቱ የመካኒክነት ሙያ ለእኛ ቀሩ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ የሚለው የጎንደር መካኒክ ጣልያንኛ እናገራለሁ ብሎ አያስብም።

የአሜሪካ ክፍት መኪና ግን በዚህ አገር ሁልጊዜ እንግዳ ነበር። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የጦር መረዳጃ ውል ከተፈረመ በኋላ ክፍት የሚባል የአሜሪካ መኪና በተራራ መንገድ የታየ ቢኖር ባለ ሸራው ጂፕ ነው፤ እሱም ለሥራ እንጂ ለሽርሽር አልመጣም። ረጃጅሞቹ ሸቭሮሌዎችና ፎርዶች የቤተ መንግሥት፣ የኤምባሲዎችና በአስመራ ቃኘው ሠፈር የነበሩ አሜሪካውያን ነበሩ። የሀገሩ ሰው የነዳው ፊያትን፣ ፔዦንና ቮልስዋገንን ነው። ታሪክም እንደሚያውቀው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት ረጅምና አብረቅራቂ መኪና ባለቤቱን ማኩራቱ ቀርቶ የሚያሳስበው ሆነ። አሁን ነገሩ ተገልብጦ፣ በታደሰው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የዚያ ዘመን መኪኖች ለሕዝብ ይታያሉ፤ በጥርና ከፋሲካ በኋላም ሙሽሮች ክፍት መኪና ፍለጋ ደላላ ያስጨንቃሉ።

እንግዲህ እንበልና አንድ ሰው ከአንድ አሮጌ ግቢ፣ ከቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ አቧራ የለበሰ፣ እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹ ወይም የ1960ዎቹ የአሜሪካ ክፍት መኪና አገኘ። የመጀመሪያው ስሕተት የሚሠራው ኮፈኑን ከፍቶ ስለ ሞተሩ በመጨነቅ ነው። ሞተር ይገዛል፣ ይወረዳል፣ ቶርኖ ቤት ገብቶ ይታደሳል፤ ክፍት መኪናን የሚገድለው ግን የሆድ ዕቃው ሳይሆን አጥንቱ ነው። ጣሪያ ያለው መኪና ክዳኑ እንደ ተመታ ሣጥን ነው፤ ስድስቱም ፊት አንዱ ሌላውን ይይዛል። ክዳኑ ሲነሣ ሣጥኑ መጠማዘዝ ይጀምራል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ከጣሪያው የቀነሱትን ብርታት ከሥር መልሰው ይጨምሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. የ1955ቱ ሸቭሮሌ ቤል ኤር ክፍት ሲሆን ሻንሲው በመስቀል ቅርጽ በተጋደመ ብረት ይጠነክራል፤ ሚያዝያ 9 ቀን 1956 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው ፎርድ ሙስታንግ ደግሞ የተለየ ሻንሲ ስለሌለው፣ ከበሮቹ ሥር የሚያልፉት ላሜራዎች ወፍረውና ተደራርበው ያንን ሸክም ይሸከማሉ።

ዝገትም የሚወደው ይህንኑ ሥፍራ ነው። ከበሩ ሥር ያለው ባዶ ሣጥን ውኃ የሚያፈስባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ የክረምቱ ጭቃ እነዚህን ሲደፍናቸው ከሰኔ እስከ መስከረም የዘነበው ዝናብ ውስጡ ይተኛል፤ ውጭው ቀለም የተቀባና የሚያበራ ሆኖ ሳለ ውስጡ ወረቀት ይሆናል። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። መኪናውን ከመካከሉ፣ ከበሩ ሥር፣ በክሪክ በጥቂቱ አንሥቶ በሩን ከፍቶ መዝጋት ነው። በሩ እንደ ቀድሞው ከገጠመ አጥንቱ ደኅና ነው፤ መዝጊያው ወርዶ ወይም ተንጠልጥሎ ከመቆለፊያው ጋር አልገናኝ ካለ፣ ሻጩ ስለ ሞተሩ የሚያወራውን ሁሉ ማዳመጥ ትቶ ዋጋውን እኩሌታ መቀነስ ይገባል።

እዚህ ላይ የባትላሜራውን ሥራ ቀረብ ብሎ ማየት ያስደስታል። የሠለጠነ ባትላሜራ አስቀድሞ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ በመኪናው ጎን ላይ ያስሄዳል፤ ማግኔቱ የሚይዝበት ላሜራ ነው፣ የሚንሸራተትበት ግን የድሮ ግጭት በስቱኮ የተሞላበት ነው። ከዚያ በመዶሻው እጀታ ቀስ እያለ ይመታና ያዳምጣል፤ ጤነኛው ብረት ይጮኻል፣ የተበላው ያጉረመርማል። የተበላውን ከመቁረጡ በፊት ከበሩ መክፈቻ አንደኛው ጫፍ እስከ ሌላው ወፍራም ቱቦ አጋድሞ ይበይዳል፤ ይህን ሳያደርግ ወለሉን የቆረጠ ሰው፣ መኪናው በገዛ ክብደቱ መካከሉ ይጎብጥበትና፣ አዲሱን ላሜራ ከበየደ በኋላ ያ ጉብጠት ለዘላለም ይጸናል። ጎማው ተነሥቶ በክሪክ የተንጠለጠለ መኪናም አይቆረጥም፤ ክብደቱ በሚያርፍበት በእግሮቹ ቦታ ላይ ቆሞ መደገፍ አለበት። የእጅ ልጁ «ጋሼ፣ ይችን በስቱኮ ብሞላትስ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የጌታው መልስ በሁሉም ጋራዥ አንድ ነው፤ «ልጄ፣ ዝገት በስቱኮ አይታረቅም፤ ቁረጠው።»

በአሜሪካ ለታወቁት መኪኖች፣ ለሙስታንግና ለቤል ኤር በተለይ፣ ከወለል ላሜራ ጀምሮ እስከ ሙሉ አካል ድረስ እንደ ጥንቱ ተደርጎ እየተሠራ ይሸጣል። ይህ ለእኛ የማይደርስ ተድላ ነው፤ የመጓጓዣውና የቀረጡ ዋጋ ከዕቃው ይበልጣልና። እኔ ግን በዚህ ብዙ አላዝንም። በልኩ ተቆርጦ በመዶሻ የተቀለሰ ላሜራ፣ ሠሪው አዋቂ ከሆነ፣ ከሣጥን ከወጣው አያንስም፤ ፓራፋንጎውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፎ በእንጨት መዶሻ ቅርጹን የሚያወጣ የእጅ ጥበበኛ በአገራችን ገና አልጠፋም።

የሸራው ጣሪያ ነገር አጭር ነው፤ ሆኖም ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ሸራው የሚሰፋው ብረቱ ሁሉ ተስተካክሎ፣ በሮቹና መስኮቶቹ በልካቸው ከገጠሙ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም፤ የሚታጠፉት የጣሪያ ዘንጎች በአንድ ጎን አንድ ጣት ያህል ቢያዘነብሉ፣ ውድ ሸራ ተገዝቶ፣ ተሰፍቶ፣ ክረምት ሲመጣ ውኃው በተሳፋሪው አንገት ላይ ይወርዳል። የደጋው ፀሐይ ከቆላው ይልቅ ጎማ ያደርቃልና የመስኮቱ ጎማ ጠርዞች አብረው መለወጥ አለባቸው። ሸራውን እርጥብ ሆኖ ማጠፍም አይገባም፤ ሻጋታው እጥፋቱን ተከትሎ ይበላዋል።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ፤ ተራራውም መናገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን፣ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,850 ሜትር ትጠጋለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ደግሞ የሚሠራው በቤንዚን ብቻ ሳይሆን ቤንዚኑ በሚነድበት አየር ነውና፣ በባሕር ዳርቻ 200 የፈረስ ጉልበት የነበረው የዲትሮይት ሞተር በጎንደር ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ካርቡራተሩ ይህን አያውቅም። እሱ በአየሩ ፍጥነት እየተጎተተ የለመደውን ያህል ቤንዚን ይሰጣል፤ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ካንዴላው ሲፈታ ጥላሸት ለብሶ ይገኛል። ብዙ ባለቤት ይህን አይቶ ሞተሩ አርጅቷል፣ ፋሻው አልቋል ብሎ ቴስታታውን ያስወርዳል። መፍትሔው ግን በመዳፍ የሚያዝ ነው፤ ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ናስ፣ ዤት የሚሉትን፣ ቀዳዳው በጠበበ መተካት ነው። በግምት ለየ600 ሜትሩ ከፍታ አንድ ቁጥር ዝቅ ይደረጋል፤ የእሳቱም ሰዓት ጥቂት ይቀደማል። የወጣውን ዤት በወረቀት ጠቅልሎ፣ ቁጥሩን ጽፎ፣ በመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ መኪናው አንድ ቀን ወደ ቆላ ይወርድ ይሆናል።

ውኃም በከፍታ ጠባዩ ይለወጣል። በጎንደር ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ በአሜሪካ ሜዳ ላይ በሰላም የሚሄድ መኪና የሰሜንን አቀበት ሲጀምር ራዲያተሩ እንደ ጀበና ይገነፍላል። የጥንቱ መኪና የራዲያተር ክዳን ግፊት የመያዝ አቅሙ ትንሽ ነበር፤ ራዲያተሩ ጤነኛ ከሆነ የተሻለ ግፊት የሚይዝ ክዳን ማድረግ የመፍያውን ዲግሪ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ካልሆነም በራዲያተሩ ላይ አንድ ረድፍ ቱቦ ማስጨመር ይቻላል፤ ከውጭ የሚያይ ሰው አያውቀውም። ቤንዚኑም እንደዚሁ በስስ አየር ፈጥኖ ይተናልና፣ ከሞተሩ ጎን ተጣብቆ የሚግለው የጥንቱ ፖምፓ ቤንዚን መሳብ ያቅተውና መኪናው አቀበት መካከል ይቆማል። ትንሽ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ከኋላ፣ ከሳልባትዮው አጠገብ ቢገጠም ይህ ችግር ይወገዳል። በነዚህ ነገሮች ላይ «የጥንቱ ይሻላል» የሚል ሰው ቢኖር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሻንጣውን ተሸክሞ በእግሩ ደባርቅ እንዲገባ እመኝለታለሁ።

ዳገቱ መኪናን ያቆማል፤ ሰውን የሚገድለው ቁልቁለቱ ነው። ከደባርቅ ደጋ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ዛሪማ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ በአጭር ርቀት ውስጥ ይጣላል። የዚያ ዘመን የአሜሪካ መኪና ክብደቱ ብዙ፣ ፍሬኑ ደግሞ በአራቱም እግር የከበሮ ፍሬን ነው። ከበሮ ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ጫማው ይርቀዋል፤ ሾፌሩ የረገጠው ፔዳል እየጠለቀ ሄዶ ወለሉን ይነካል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ መኪኖች የፍሬናቸው ዘይት በአንድ መስመር ብቻ የሚሄድ መሆኑ ነው፤ በአንዱ ጎማ በኩል ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ፍሬን በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። አሜሪካ ሁለት መስመር ይሁን ብላ ያስገደደችው የብዙ ሰው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለት መስመር ያለው የፍሬን ፖምፓና ለፊት እግሮች የዲስክ ፍሬን መግጠም፣ በዚህ አገር እንደ ምርጫ የሚቈጠር ጉዳይ አይደለም። ካምቢዮውም ቢሆን ሊታሰብበት ይገባል፤ ፓወርግላይድ የተባለው የሸቭሮሌ አውቶማቲክ ሁለት ማርሽ ብቻ ያለው ስለ ሆነ፣ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ መኪናውን የመያዝ ኃይሉ አነስተኛ ነው። ሦስት ወይም አራት ማርሽ ያለው የእጅ ካምቢዮ ሊማሊሞን ለሚያውቅ ሾፌር ወዳጅ ነው።

የኤሌክትሪኩን ሽቦ በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ብዙዎቹ መኪኖች የ6 ቮልት ናቸው፤ ወደ 12 ቮልት ማዛወሩ ቀላል ነው፤ አምፖልና ባትሪም በየሱቁ ይገኛል። በጨርቅ የተሸፈነው ሽቦ የተበጣጠሰ እንደ ሆነ ፊዩዝ በሌለበት እሳት ያስነሣልና ሁሉም ይለወጥ።

እስካሁን እንዲለወጥ የፈረድሁበት ሁሉ ከዓይን የተሰወረ መሆኑን አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም። ከዓይን ፊት ያለውን ግን፣ የፓራውልቱን ኒኬል፣ የመሪውን ክብ፣ የሰዓቶቹን መልክ፣ የመቀመጫውን ስፌት፣ እንዲነካ አልወድም። ይህን ሐሳብ ያገኘሁት ከመኪና ሰዎች አይደለም፤ ከፋሲል ግቢ ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን ግንቦቹን ሲጠግን ሲሚንቶ ተጠቀመ። የጎንደር ግንበኞች የሠሩት በኖራ ነበር፤ ኖራ ይተነፍሳል፣ ከድንጋዩ ጋር አብሮ ይሞቃል፣ አብሮ ይበርዳል፤ ሲሚንቶ ግን ውኃውን ከውስጥ አፍኖ ይይዝና ድንጋዩን ይልጠዋል። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ ሊቃውንቱ ከደከሙበት ሥራ አንዱ ያንን ሲሚንቶ ፈልፍሎ ኖራውን መመለስ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ግቢው በስፋት ሲታደስም ከግድግዳው መልክ የተነሣ ብዙ ሰው ሲከራከር ሰምተናል፤ ክርክሩ ራሱ መልካም ነው፤ ሕዝብ ስለማይወደው ነገር አይከራከርም።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት የተለወጠ ነገር ሁሉ ተመልሶ ሊፈታ የሚችል ይሁን የሚል ነው። ዲስክ ፍሬን በቡሎን ይገጠም፣ በብየዳ አይሁን፤ የጥንቱ ከበሮ በግሪስ ተለቅልቆ በመደርደሪያ ይቀመጥ። ለአዲስ ራዲዮ ተብሎ የጥንቱን ዳሽቦርድ በመጋዝ የሚቆርጥ፣ ለሰፊ ጎማ ሲል ፓራፋንጎውን በመዶሻ የሚገለብጥ ጎረምሳ ግን ሲሚንቶ የለሰነ ግንበኛ ነው። ሰማያዊ መብራት ከመኪናው ሆድ ሥር የሚያበራውን ሰው ነገር አላነሣም፤ መብራቱ ቢያንስ ይነቀላል።

ሕጉም በበኩሉ ወደ ጥበቃ ይገፋናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ስለ ጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለ ተከለከለ፣ ስድሳ ዓመት የሞላው ክፍት ሸቭሮሌ ከውጭ ይመጣል ብሎ ተስፋ የሚያደርግ የለም። በአገር ውስጥ ያለው ያለው ነው። ሞተር ወይም ቀለም የሚለውጥ ሰውም በሊብሬው ላይ ማስመዝገብ እንዳለበት አይርሳ፤ የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያልገጠመ መኪና ቦሎ ሊያወጣ ሲሄድ በምርመራው ላይ ይቆማል።

ከዚሁ ክልከላ የተነሣ አንዳንድ ወጣቶች የጥንቱን ሞተር አውጥተው በኤሌክትሪክ ሞተርና በባትሪ ስለ መተካት ይጠይቃሉ። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ የተለመደ ሥራ ሆኗል፤ ሐሳቡንም አላጣጥለውም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብምና ከፍታ አይቀንሰውም፤ ዤት መለወጥ፣ ራዲያተር መገንፈል፣ ቤንዚን መትነን የሚባለው ሁሉ አብሮ ይቀራል። ከፋብሪካ አብሮት የወጣው ሞተር በውስጡ ላለ መኪና ግን ይህን አልመክርም። ሞተሩ ድሮ ተሽጦ ቅርፊቱ ብቻ የቀረ ከሆነ ይሁን፤ በዚያም ላይ ከባዱ ባትሪ ከኋላ ብቻ ተጭኖ ያን ያለ ጣሪያ የቀረ አካል እንዳያጎብጠው፣ ከፊትና ከኋላ ተከፍሎ ከበሮቹ ሥር በተጠናከረው ላሜራ አጠገብ መቀመጥ አለበት። እንዲህ ያለው መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ራሱ እንደ ፍሬን ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ይህም መልካም ነው፤ ነገር ግን ባትሪው አስቀድሞ ሞልቶ ከሆነ የሚመነጨውን ኃይል የሚቀበለው የለምና መኪናውን የሚይዘው ኃይል ይጠፋል። ስለዚህ ደባርቅ አድሮ ወደ ዛሪማ የሚወርድ ሾፌር ባትሪውን ጢም አድርጎ ሳይሞላ ጥቂት አጉድሎ ቢነሣ ይሻለዋል፤ የዲስክ ፍሬኑም የኤሌክትሪክ ዘመን መጣ ተብሎ ከነበረው መጠን መቀነስ የለበትም።